ፎርማት አደረግነው በማግስቱ ተመለሰ!! ባክዶር ትሮጃን የሚያውቅ ሰው እባካችሁ

ሀያት_ፕሪንት | ሰኞ ማታ 3:10
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሁለት ዴስክቶፕ አንድ ፕሪንተር በቃ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ አንደኛው ኮምፒውተር (ዊንዶውስ 10 ነው) አላስቀምጥ ብሎኛል። መጀመሪያ ቀርፋፋ ሆነ፣ ዝም አልኩ፣ እዚህ ሀገር ቀርፋፋ ነገር ማን ይገርመዋል። ከዛ ዲፌንደር (የዊንዶውሱ የራሱ አንቲቫይረስ) ቀይ አውጥቶ ባክዶር ምናምን የሚል ስም አሳየኝ፣ ሪሙቭ አልኩት ጠፋ። በነጋታው ስከፍት ያው ስም። እንደገና ሪሙቭ፣ እንደገና ያው። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ በኔ ቴሌግራም ለደንበኞቼ "ቸግሮኝ ነው 3 ሺህ ብር ላኩልኝ ማታ እመልሳለሁ" የሚል ተልኳል፣ ወላሂ እኔ አልጻፍኩም። አንዷ ተማሪ አዝናልኝ ልካለች፣ ከኪሴ መለስኩላት ምን ላድርግ።
ኮምፒውተር የሚሰራልኝ ልጅ አለ፣ ቅዳሜ 500 ብር ከፍዬው ፎርማት አደረገው። እሁድ ማታ ከፈትኩት፣ ያው ስም ቁጭ!! ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይመለሳል? ልጁ "ተማሪዎች የሚያመጡት ፍላሽ ነው" ይላል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙበት ሰሞን ስለሆነ ቤቱን መዝጋት አልችልም።

ፍላሽ_ጠላት | ሰኞ ማታ 3:22
ፍላሽ ነው እህቴ ምንም ጥርጥር የለውም። የተማሪ ፍላሽ ማለት የሰፈር የውሃ ማንቆርቆሪያ ነው ያልነካው የለም። እኔ ፍላሽ መቀበል አቁሜ በቴሌግራም ላኩ ብያለሁ ተገላግያለሁ

የበቾ_ልጅ | ሰኞ ማታ 3:41
ቆይ ፍላሽ ላይ ከመፍረዳችን በፊት። ሀያት ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ ዲፌንደሩ ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ የሚል አለ፣ እሱን ከፍተሽ ፋይሉ የት ፎልደር ውስጥ እንደተገኘ እዪልኝ። ሁለተኛ ልጁ ፎርማት ካደረገ በኋላ ምን ምን ጫነ፣ ከየትስ አምጥቶ ጫነ?

ሀያት_ፕሪንት | ሰኞ ማታ 4:05
ፋይሉ ዩዘርስ ውስጥ በኔ ስም ካለው ፎልደር፣ አፕዳታ፣ ከዛ ሮሚንግ ይላል። ስሙ ኤስቪሲሆስት ነው፣ ጎግል ሳደርገው የዊንዶውስ ነው ይላል፣ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። የጫነው ኦፊስ፣ የግዕዝ መጻፊያ፣ አይዲኤም፣ ክሮም፣ ከዛ ሁሉንም የሚያስነሳ አክቲቬተር (ሳይገዙ ኦሪጅናል እንደተገዛ የሚያስመስለው)። የት እንዳመጣው? ዲ ላይ (ዊንዶውሱ ካለበት ከሲ ሌላ ያለው ማስቀመጫ) ሶፍትዌሮች የሚል ፎልደር አለ ድሮም እሱ ነው ያስቀመጠልኝ፣ ፎርማት የተደረገው ሲ ብቻ ነው ዲን አልነካውም የደንበኞች ፋይል ስላለ

የበቾ_ልጅ | ሰኞ ማታ 4:38
አገኘነው መሰለኝ። ረጅም ነው ታገሺኝ ሻይ ይዘሽ አንብቢ።
ትሮጃን እንደ ድሮዎቹ ቫይረሶች ራሱን እያባዛ ከፋይል ወደ ፋይል የሚዘል አይደለም፣ ሰው እጁን ይዞ ነው የሚያስገባው። እንግዳ ነኝ ብሎ በፊት ለፊት በር ይገባል፣ ቡና አፍልተሽ ታስተናግጂዋለሽ፣ እሱ ግን ጓሮ ዞሮ በሩን ከውስጥ ይከፍትና ለጓደኛው ጠብቀኝ ይለዋል። ባክዶር የሚባለው እሱ የጓሮ በር ነው። አክቲቬተሩ ስራውን ይሰራል፣ ኦፊስሽ ይነሳል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም፣ ከጎን ግን ትንሽ ፋይል አፕዳታ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ለምን አፕዳታ? እዛ ለመጻፍ የአድሚን ፈቃድ አይጠየቅም፣ ፎልደሩም የተደበቀ (ሂድን) ስለሆነ ሰው አይቶት አያውቅም።
ስሙ አያታልልሽ። የእውነተኛው ኤስቪሲሆስት ቤቱ ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም 32 ነው። አፕዳታ ውስጥ ያ ስም ያለው ፋይል ካየሽ ሌባ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ነው።
ከዛ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር እንዲነሳ ራሱን ይመዘግባል፣ ወይ ስታርትአፕ ፎልደር፣ ወይ ሬጂስትሪ ውስጥ ራን የሚባለው ቦታ፣ ወይ ታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራም በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳው)። አንቺ ፋይሉን ስታጠፊ ታስክ ስኬጁለር ላይ ያለው መልሶ ያመጣዋል ወይም ከኔት መልሶ ያወርዳል፣ ለዚህ ነው ሪሙቭ ስትዪ በነጋታው የሚመለሰው።
ሰው የማይገባው ደግሞ ይሄኛው ነው፣ "ፋየርዎል አለኝ ማን ይገባል" ይላል። ሰውዬው ወዳንቺ አይደውልም እኮ፣ ያንቺ ኮምፒውተር ነው ለሱ ሚስኮል የሚያደርገው። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ራውተሩ የራሱ ደንበኛ ድረገጽ የከፈተ ነው የሚመስለው ያሳልፈዋል። በዋይፋይም በስልክ ዳታም ያው ነው።
አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ልጁ አክቲቬተሩን ሲጭን አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ነበር?

ሀያት_ፕሪንት | ሰኞ ማታ 4:50
አዎ "ይሄን ካላጠፋሁት አይጭንም" ብሎኝ አጠፋው። ኧረ በስመአብ አትሉኝም እኔ ሙስሊም ነኝ እንጂ ይሄን ጊዜ በስመአብ ነበር የምለው

ባለሙያው_47 | ሰኞ ማታ 5:15
ይቅርታ ግን የሰው ስም ባናጠፋ። እኔም ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው ልጆች የማሳድገው። አክቲቬተር ሁሉ ቫይረስ አይደለም፣ አንቲቫይረሱ አክቲቬተር ስለሆነ ብቻ ነው የሚጮኸው፣ ማይክሮሶፍት ገንዘቡ ስለቀረበት ነው። ለደንበኛ ኦሪጅናል ግዛ ብትለው ማን ይከፍላል? 500 ብር ሰጥቶህ ሙሉ ኮምፒውተር ነው የሚጠብቀው

የበቾ_ልጅ | ሰኞ ማታ 5:33
ወንድሜ ግማሹ ልክ ነህ። ዲፌንደር ስም ሲያወጣ መጀመሪያ ዓይነቱን ነው የሚጽፈው። ሀክቱል ብሎ ከጀመረ መስበሪያ መሳሪያ ነው ማለቱ ነው፣ እሱ ላይ አንከራከርም። ባክዶር ብሎ ከጀመረ ግን የከፈተልህን በር እያሳየህ ነው። የሷ ባክዶር ነው የሚለው። ችግሩ "መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፋ" የሚለውን መመሪያ ደህናውም ሌባውም አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ አንዴ ካጠፋህለት በኋላ የትኛው እንደገባ በምን ታውቃለህ? ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈውን ዚፕ ማን እንደነካካው አታውቅም፣ ዚፑ ራሱ ፓስወርድ የሚደረግበት ስካን እንዳይደረግ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፓስወርዱ 1234 ነው ሃሃ

የድሮ_ቴክኒሻን | ማክሰኞ ጠዋት 1:20
ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ይሄ ነገር ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ላስ ቬጋስ በሚደረገው ዴፍ ኮን የሀከሮች ስብሰባ ላይ ካልት ኦፍ ዘ ዴድ ካው የሚባሉ ቡድኖች ባክ ኦሪፊስ የሚል ፕሮግራም አወጡ፣ በማይክሮሶፍት ባክኦፊስ ስም ላይ ሲቀልዱ ነው። ዊንዶውስ 95ና 98ን ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠር ነው። የዛን ጊዜው በር ከፍቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፣ ቁጥሩም 31337 ነበር፣ እና ያንን በር ስትዘጋ ነገሩ ያልቅ ነበር። ኔትባስና ሰብሰቨን የሚባሉትም በዛው ዘመን መጡ፣ የሲዲ ሮሙን መክፈቻ ከሩቅ እየከፈቱ ሰው ማስደንገጥ ነበር ጨዋታው። የበቾ ልጅ ያልከው ሚስኮል ነው ጨዋታውን የቀየረው፣ ጥሩ አድርገህ ነው የገለጽከው።
ወደ ሀገራችን ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ያወጣውን ሪፖርት ፈልጋችሁ አንብቡ። ውጭ ሀገር ሆነው ስለ ኦሮሚያ ጉዳይ ለሚጽፉ ሰዎች ኢሜይል ይላካል፣ ሊንኩን ሲነኩት የቪዲዮ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር (የቪዲዮ ማሳያ ፕሮግራም ነው፣ ፍላሽ ዲስኩን አይደለም) አፕዴት አድርጉ ይላል፣ አፕዴቱ ውስጥ ነው መሰለያው ያለው። እንግዲህ ዘመናዊ የመንግሥት መሰለያ እንኳ ኮምፒውተሩን ሰብሮ አይደለም የገባው፣ ሰውየውን ይሁን ጫን አስብሎ ነው። በነገራችን ላይ አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዘግቶታል፣ ዛሬ ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ የሚል ገጽ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

መንቲና_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2:02
እኔም የላፕቶፔ ማውዝ ብቻውን ይሄዳል በተለይ ማታ ማታ፣ ተጠልፌ ይሆን? ሁለት ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም ካሜራውን በፕላስተር ለጥፌዋለሁ

የበቾ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2:15
በዚህ ዝናብ የጅማ እርጥበት ተችፓድ ላይ የሚሰራውን አትጠይቀኝ፣ ተችፓዱን ዲሴብል አድርገህ በውጭ ማውዝ ሞክር ካቆመ ተችፓዱ ነው። ፓስወርድ የሚሰርቅ ሰው አይንህ እያየ ማውዝ አያንቀሳቅስም፣ ዝም ማለት ነው ስራው። ፕላስተሩ ግን ይቆይ አይጎዳም

ቡና_ላኪ | ማክሰኞ ጠዋት 3:48
እኔ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የገባብኝ። የቡና ስራ ላይ ነኝ፣ ብዙ ኢሜይል ነው የሚመጣልኝ። ኮንትራት ነው ብሎ የመጣ ፋይል የፒዲኤፍ ምልክት አለው ስሙም መጨረሻው ላይ ፒዲኤፍ ይላል፣ ከፈትኩት ምንም አልመጣም፣ ሁለቴ ከፈትኩት ምንም የለም፣ ኮራፕት ነው ብዬ ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ደንበኛዬ ደውሎ "የባንክ ቁጥር ቀየርክ እንዴ" አለኝ። ደግነቱ ደወለ። ኢሜይሌ ውስጥ ገብተው በኔ ስም ሲጻጻፉ ነበር ለካ

የበቾ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 4:10
ደግነቱ በጣም ነው ወንድሜ። ዊንዶውስ የፋይሉን የመጨረሻ ቅጥያ እንዲደብቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። እውነተኛ ስሙ ኮንትራት ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ ነው፣ ያቺ ኢኤክስኢ ትደበቅና አንተ ፒዲኤፍ የምትለዋን ብቻ ታያለህ። ምልክቱን ደግሞ ሰሪው እንደፈለገ ነው የሚለጥፈው። ማንኛውንም ፎልደር ክፈትና ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ቲክ አድርገው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የሰው ኮምፒውተር ስነካ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። "ከፈትኩት ምንም አልመጣም" ደግሞ ትልቅ ምልክት ነው፣ ሰነድ ቢሆን ቢያንስ ስህተት ነው ይልሃል፣ ምንም ካላለ ስራውን ጨርሶ ነው።

ሀያት_ፕሪንት | ማክሰኞ ጠዋት 4:31
እሺ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ደንበኛ ተሰልፎ ነው ኮምፒውተሩ ግን ጠፍቷል ፈርቼው

የበቾ_ልጅ | ማክሰኞ ቀን 6:40
ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ እንደመጣልኝ ልጻፍልሽ ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሪው።
መጀመሪያ የኔት ገመዱን ንቀዪው ዋይፋይም ከሆነ አጥፊው። ኔት ከሌለ ሰውዬው የለም፣ መብራት ሲጠፋ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ከዛ ስልክሽን ያዢ (በዛ ኮምፒውተር ምንም ፓስወርድ እንዳትቀይሪ፣ የምትጽፊውን አዲሱንም ያያል)። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚል አለ፣ እዛ ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ በዪ። ብዙ ሰው ፓስወርድ ቀየርኩ ይልና ይተኛል፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር ኮፒ ከተደረገ ግን ያለ ኮድ ያለ ፓስወርድ ይከፈታል፣ ሴሽኑን ካልዘጋሽው አይወጣም። አንቺ ላይ የሆነው እሱ ይመስለኛል። ከዛ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሪ። ጂሜይልም እንደዛው፣ መጀመሪያ የማታውቂያቸውን ዲቫይሶች አስወጪ ከዛ ፓስወርድ። ክሮም ላይ ሴቭ ያደረግሻቸውን ፓስወርዶች በሙሉ ተሰርቀዋል ብለሽ ቁጠሪያቸው፣ አንድም ሳታስቀሪ።
ማየት ከፈለግሽ ብቻ (ለማወቅ ያህል)፣ ኔቱን ለሁለት ደቂቃ መልሰሽ፣ ብሮውዘር ሁሉ ዘግተሽ፣ ሲኤምዲን በአድሚን ክፈቺና ኔትስታት ብለሽ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤ ኤን ኦ ጻፊ። ኢስታብሊሽድ ከሚሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ ቁጥር አለ፣ ያንን ቁጥር ታስክ ማናጀር ዲቴይልስ ውስጥ ፈልጊው፣ የማን እንደሆነ ያሳይሻል። ብዙዎቹ የዊንዶውስ የራሱ ናቸው አትደንግጪ፣ አፕዳታ ውስጥ ያለው ግን እዛ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።
ለማጽዳት ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን በዪ እልሽ ነበር፣ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ትሮጃኑ ለመደበቅ ጊዜ አያገኝም፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚወስደው። ከዛ አውቶራንስ የሚባል የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚነሳውን ሁሉ አንድ ቦታ ያሳያል፣ የማይክሮሶፍቶቹን ደብቅ ብለሽ የቀሩትን ማየት ነው። ዲፌንደር ውስጥ ደግሞ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ሰው ይረሳዋል፣ ትሮጃኑ ራሱን "ይሄን አትፈትሹ" ብሎ ያስመዘግባል፣ አንዳንዴ ሲ በሙሉ ተመዝግቦ ታገኛለሽ፣ እና ስካን ስታደርጊ ንጹህ ነው ይልሻል።
ግን ያንቺ የገንዘብ ኮምፒውተር ነው፣ የሰው ፋይል የሚገባበት ነው፣ ስለዚህ የኔ ምክር እንደገና ፎርማት ነው፣ በትክክል። ሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ድረገጽ ሚዲያ ክሬሽን ቱል አውርጂ፣ 8 ጂቢ ፍላሽ ይበቃዋል። የደንበኞቹን ፋይል (ወርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ፎቶ) ወደ ውጭ ሃርድ አውጪ፣ ኢኤክስኢ የሚል አንድም አታውጪ። ከዛ ሲንም ዲንም ፎርማት አድርጊ። ያቺን "ሶፍትዌሮች" የምትል ፎልደር ይቅርታ ሳትጠይቂ። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የሚችል ከሆነ እሱን ጫኚ፣ የ10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ባለሙያው_47 | ማክሰኞ ቀን 7:05
ዲንም? የደንበኛ ዲ ነክተህ አንድ ፎቶ ቢጠፋ የሚመጣብህን ታውቃለህ? እኔ ዲ የማልነካው ለዚህ ነው። ሁላችንም እኮ እንደዛ ነው የምንሰራው

የበቾ_ልጅ | ማክሰኞ ቀን 7:12
አውቃለሁ፣ ለዛ ነው መጀመሪያ አውጪ ያልኳት። በሽታው ዲ ላይ ተቀምጦ ሲን ብታጥብ እግርህን ታጥበህ ጭቃ ጫማህን እንደማድረግ ነው

አሲና_በል | ማክሰኞ ማታ 1:30
ያለ አክቲቬተር በምን ትስራ ታዲያ ድሃ እንዴት ይኑር? ንገሩን

የበቾ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 1:52
ዊንዶውስ ሳይነሳም ይሰራል፣ ጥግ ላይ አክቲቬት አድርጉ የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል፣ ዎልፔፐር ከሴቲንግ መቀየር ይከለክልሃል፣ በቃ። ለኦፊስ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፣ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ እውነቱን ለመናገር ግን የተማሪ ጽሑፍ ላይ አንዳንዴ ገጹን ያዛባዋል፣ ስለዚህ ለፕሪንት ቤት ተማሪው ፒዲኤፍ አድርጎ ቢያመጣ ነው የሚሻለው። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ራሱ ኪቦርድ አለው፣ እሱ ካልተመቸ ኪማን ነጻ ነው።

የድሮ_ቴክኒሻን | ማክሰኞ ማታ 2:20
አንድ ነገር ልጨምር። ፋይል ስትጠረጥሩ ቫይረስቶታል ድረገጽ ላይ ጫኑት፣ በብዙ አንቲቫይረሶች አንድ ላይ ይፈትሽላችኋል። ግን የደንበኛ ሰነድ፣ መታወቂያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳትጭኑበት፣ እዛ የተጫነ ፋይል ለሌሎች ባለሙያዎችም ይደርሳል። ሀያት ልጄ፣ ገንዘብ የላከችውን ልጅ መልእክት ስክሪንሾት ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ።

ሀያት_ፕሪንት | ሐሙስ ማታ 2:45
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎም የበቾ ልጅም። ጨረስኩ አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ትናንት መሃል ላይ መብራት ጠፋና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቴሌግራሜ ላይ የማላውቀው አንድ ዲቫይስ ነበር፣ ስሙ ዴስክቶፕ ነው የሚለው ግን ያለበት ሀገር ኢትዮጵያ አይደለም። ኤክስክሉዥንስ ያልከኝን ፎርማት ከማድረጌ በፊት ከፍቼ ሳየው ሲም ዲም አሉ፣ ሁለቱም!! ፖሊስም ሄጃለሁ ቃሌን ተቀብለውኛል። ሁለተኛው ኮምፒውተሬ ላይም ያቺ ፎልደር ነበረች፣ እሱንም አጸዳሁት።
ኮምፒውተር የሚሰራልኝን ልጅ ጠርቼው አሳየሁት። አልተቆጣም፣ እኔ እንኳ ይቆጣል ብዬ ነበር። ፍላሹን አወጣና በኔ በጸዳው ኮምፒውተር ላይ ስካን አደረግነው፣ ያው ስም። ላፕቶፑንም አየን፣ ያው። ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ካለፈው ወር ጀምሮ በዚች ፍላሽ የጫነላቸውን ሰዎች በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ ስምንት ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። 500 ብሬን ልመልስልሽ ብሎኝ ነበር እምቢ አልኩት

ባለሙያው_47 | ሐሙስ ማታ 3:01
ጎበዝ ልጅ ነው ለመደወሉ። እኔም ዛሬ የራሴን ፍላሽ አይቼዋለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ሀክቱል ብቻ ነው የሚለው። ግን ካሁን በኋላ ዲንም አያለሁ

አጋሮ_ካፌ | ሐሙስ ማታ 3:34
ይቅርታ እህቴ፣ ያ ልጅ ሰማያዊ ሞተር ያለው ቀጠን ያለ ነው? ባለፈው ወር አጋሮ መጥቶ ለኔ ሦስት ኮምፒውተር ጭኖልኛል። እስካሁን አልደወለልኝም